ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ጋር ለልምምድ ለሚወጡ የጎንደር ተማሪዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኢንተርንሺፕ ሊወጡ ሲሉ የሚመጡ ተማሪዎች የሚጠይቁኝ ነገር ዓመት ከዓመት ብዙም አይለያይም። አንዳንዱን በስብሰባው መሀል እጃቸውን አውጥተው ይጠይቁኛል። አንዳንዱን ደግሞ ሁሉም ሰው ከወጣ በኋላ፣ በር ላይ ቆመው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ሁለቱንም ዓይነት እዚህ ሰብስቤያለሁ። እኔም የሶሻል ወርክ ተማሪ ሆኜ እዚሁ ጎንደር ልምምድ ወጥቻለሁ። አሁን ተማሪ የምቀበል ሆኛለሁ። ስለ ሴቶቹ የማነሳው ነገር ማንንም እንዳያሳውቅ ዝርዝሩ ተቀይሯል።

ስወጣ የምሠራው በትክክል ምንድን ነው?

ከምታስቡት በላይ ትቀመጣላችሁ። ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ፣ ፖሊስ ጣቢያ አግዳሚ ላይ፣ ፍርድ ቤት በረንዳ ላይ። ቃሏን ስትሰጥ ልጇን ትይዙላታላችሁ። ማመልከቻ ትጽፉላታላችሁ። የተሰጣትን ወረቀት ቀስ ብላችሁ ታነቡላታላችሁ። ቀጠሮው መቼ እንደሆነ፣ የትኛው ችሎት እንደሆነ፣ ምን ይዛ መምጣት እንዳለባት።

ይህ ትንሽ ሥራ ሊመስላችሁ ይችላል። ከደምቢያ ወይም ከበለሳ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ ለመጣች፣ ከተማውን ለማታውቅ ሴት ግን «ቢሮው እዚያ ፎቅ ላይ ነው፣ ነይ አብረን እንሂድ» የሚላት ሰው ትልቅ ነገር ነው። እኔ ካየኋቸው ውስጥ ጉዳያቸውን የተዉት አብዛኞቹ በፍርድ የተረቱ አይደሉም። ምልልሱ ነው ያደከማቸው። «ነገ ነይ»፣ «ኃላፊው የሉም»፣ «ኮፒ አድርገሽ ነይ»። ለሦስተኛ ጊዜ ነገ ነይ ስትባል አጠገቧ ሰው ካለ፣ ለአራተኛ ጊዜ ትመጣለች።

የማትሠሩትም አለ። አታስታርቁም። ጉዳዩን አትመረምሩም። «ተፋቺ» ወይም «ታረቂ» አትሉም። የሕግ ተማሪ ከሆናችሁ ያለ ተቆጣጣሪያችሁ የሕግ ምክር አትሰጡም። የሳይኮሎጂ ተማሪም ከሆናችሁ ያያችሁትን ሁሉ በበሽታ ስም ለመጥራት አትቸኩሉ።

የት የት ነው የሚመደበው?

እንደ ትምህርት ክፍላችሁ ነው። የጤና ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ሆስፒታል ናቸው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሚቀበለው የከተማውን ሰው ብቻ ስላልሆነ፣ ከወገራ፣ ከጭልጋና ከአርማጭሆ የመጡ ሴቶችንም እዚያው ታገኛላችሁ። የሕግ ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲው ነፃ የሕግ ድጋፍ በኩል ይወጣሉ። ሌሎቻችሁ ሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ክፍለ ከተማ፣ ፖሊስ ዘንድ ወይም ሴቶች ለጊዜው የሚያርፉበት መጠለያ ልትመደቡ ትችላላችሁ። ከተማው ፋሲል፣ ዞብል፣ ማራኪ፣ ጃንተከል፣ አራዳና አዘዞ ጠዳ ተብሎ በክፍለ ከተማ የተከፈለ ነው። የምትኖሩበት ሠፈር የምታግዟት ሴት ከምትኖርበት ጋር መግጠም ስለሌለበት፣ የት እንደምትኖሩ አስቀድማችሁ ንገሩን።

መጠለያ ከተመደባችሁ አድራሻው ምስጢር ነው። ለጓደኛ፣ ለእናት፣ ለፍቅረኛ አይነገርም። የባጃጅ ሾፌሩንም በሩ ላይ አታስቁሙት፤ ቀደም ብላችሁ ወርዳችሁ በእግር ሂዱ።

ይህ ነገር እውነት ይህን ያህል የተስፋፋ ነው? እኔ በሠፈሬ አላየሁም።

በ2016 እ.ኤ.አ. የተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉና አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶዎቹ ከባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው አግኝቷል። ከሦስት አንድ ማለት ነው። እናንተ ሠፈር ያልታየው ስለሌለ አይመስለኝም። የቤት ገመና ስለሆነ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን እዚያው ጥናት ላይ ያለ ሌላ ቁጥር ነው። «ባል ሚስቱን ቢመታ ልክ ነው» የሚባልባቸው አምስት ምክንያቶች ቀርበው ነበር። ወጥ ብታሳርር፣ ብትከራከረው፣ ሳትነግረው ብትወጣ፣ ልጆቹን ችላ ብትል፣ አብራው አልተኛም ብትል። ቢያንስ በአንዱ የተስማሙት ሴቶች 63 በመቶ ናቸው። ወንዶቹ 28 በመቶ። ይህን ቁጥር ስታነቡ ሴቶቹን ለመውቀስ አትቸኩሉ። ፊታችሁ የተቀመጠችው ሴት ወደ እናንተ ከመምጣቷ በፊት እናቷን አማክራለች። ጎረቤቷን አማክራለች። ምናልባት ሁለቱም «እኛስ ችለን አይደል» ብለዋታል። እሷ ራሷም ግማሽ ልቧ እንደዚያ ያምናል። ስለዚህ እናንተ ዘንድ መምጣቷ ብቻውን ብዙ ነገር ጥሳ ነው።

የመጀመሪያ ቀን ምን ልበላት?

ከመናገራችሁ በፊት የምትቀመጡበትን እዩ። በእሷና በበሩ መካከል አትቀመጡ። ጠረጴዛ ካለ ከጠረጴዛው ኋላ ውጡ። በዕድሜ ከገፉ «እርስዎ» በሉ፣ «እናቴ» በሉ። እኩያችሁ ብትሆን «እህቴ» ማለት ይበቃል። በምን ስም እንድትጠሯት እንደምትፈልግ ጠይቁ፤ መዝገቡ ላይ ያለው ስም ባሏ እየጮኸ የሚጠራት ስም ሊሆን ይችላል።

ስለ አንዲት እናት ልንገራችሁ። ከገጠር ነው የመጣችው። ነጠላዋን አፏ ድረስ ስባ ተቀመጠች። ግማሽ ሰዓት ያህል አንድ ቃል አልወጣትም። እኔ ያኔ ተማሪ ነኝ፤ ዝምታው አስጨነቀኝና አወራለሁ። ስለ ቢሮው፣ ስለ አገልግሎቱ፣ ስለ መብት። እሷ መቀነቷን ፈታች። ጫፉ ላይ የቋጠረችውን ብር አወጣች። አንድ በአንድ ቆጠረች። መልሳ ቋጠረችው። ትንሽ ቆይታ ደግሞ ፈታችው። አብራኝ የነበረችው ነርስ ምንም ሳትል ሻይ አስመጣችላት። ሻዩ ግማሽ ሲደርስ ሴትየዋ ቀና አለችና «የመመለሻዬ አለኝ» አለች።

እኔ የገባኝ በኋላ ነው። ካልመሰላት ተነስታ መሄድ እንደምትችል ለራሷ እያረጋገጠች ነበር። ከዚያ ወዲህ ለማንኛዋም ሴት መጀመሪያ የምለው ይህ ሆኗል፦ «በሩ ክፍት ነው። በፈለግሽ ሰዓት መሄድ ትችያለሽ። ያልፈለግሽውን አትመልሺም።»

ከዚያ በኋላ ብዙ ቃል አያስፈልግም። «አምንሻለሁ።» «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።» «አሁን በጣም የሚያሳስብሽ ምንድን ነው?» የመጨረሻዋ ጥያቄ ላይ መልሷን ጠብቁ። እናንተ ስለ ክስ ስታስቡ እሷ የሚያሳስባት ቤት ጥላው የመጣችው የ4 ዓመት ልጅ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ጀምሩ።

የማይባሉም አሉ። «ምን አድርገሽው ነው?» «ለምን ቶሎ አልመጣሽም?» «እኔ ብሆን አንድ ቀን አላድርም ነበር።» ይህቺ የመጨረሻዋ በቅንነት ነው የምትወጣው። እሷ ግን የምትሰማው «አንቺ ደካማ ነሽ» የሚለውን ነው።

ለምንድን ነው ተመልሳ የምትሄደው?

በየዓመቱ የማያልፈኝ ጥያቄ ይኼ ነው። ተማሪው ሳምንት ሙሉ አብሯት ይሮጣል። ሰኞ ሲመጣ «ወደ ቤቷ ተመለሰች» ይባላል። ይናደዳል። አንዳንዱ ያለቅሳል።

እስቲ አስሉት። የምትወጣው በቀን ሥራ ወይም እንጀራ ጋግራ ሸጣ ልትኖር ነው። የቤት ኪራይ አለ፤ ልጅ ይዛ የምትመጣ ብቸኛ ሴት ለመከራየት ስትሄድ አከራዩ የሚጠይቃትን ታውቁታላችሁ። ልጆቹን አባትየው ይዟቸዋል። ወላጆቿ ቤት ብትሄድ «ትዳርሽን በትነሽ መጣሽ» ልትባል ነው። መሬቱ፣ ከብቱ፣ አዝመራው እዚያው ነው። ደግሞ ትወደዋለች። ይኼንን ለመቀበል ይከብዳችኋል። ዱላውን ነው የምትጠላው፤ የልጆቿን አባት ላትጠላው ትችላለች።

ሌላም አለ። ሴቲቱ የበለጠ አደጋ ላይ የምትወድቀው ልትወጣ ስትል ወይም እንደወጣች ነው። ይህ በብዙ አገር የታየ ነገር ነው። እሷ ይህን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። «ብሄድ ይገድለኛል» ስትል ለማጋነን አይደለም። ስለዚህ መመለሷን እንደ ሽንፈት አትዩት፤ ለዛሬ የመረጠችው መትረፊያ ሊሆን ይችላል። የእናንተ ድርሻ ስትሄድ «ነገም ብትመጪ በሩ እንዲሁ ነው» ማለት ነው። ፊታችሁን ካጠቆራችሁባት በሚቀጥለው ጊዜ አትመጣም። እኔ በተማሪነቴ አንዷን «እንግዲህ ምን እናድርግሽ» ብያታለሁ። ዳግመኛ አላየኋትም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አደጋው የከፋ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

አንቆኝ ነበር ካለች ቀላል ነገር አይደለም። አንገቷ ላይ ምልክት ባይኖርም ሐኪም ሊያያት ይገባል። ቤት ውስጥ ጠመንጃ ካለና አንስቶ ካስፈራራት፣ ነፍሰ ጡር ሆና ከመታት፣ ዱላው ሰሞኑን ከበዛና ከከፋ፣ «አንቺንም ልጆቹንም ራሴንም» ብሎ ከዛተ፣ እነዚህን ሰምታችሁ በዚያው ቀን ለተቆጣጣሪያችሁ ሳትነግሩ ወደ ዶርም አትመለሱ። እሷ ራሷ «ሞቼ ባረፍኩ» ካለችም እንዲሁ። በግልጽ ጠይቋት፤ ራስሽን ስለማጥፋት አስበሽ ታውቂያለሽ ወይ ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አይሰጣትም።

ሽማግሌ ገብቶበታል ከተባለ እኛ ምን እንሠራለን?

ጎንደር ውስጥ ሽማግሌ ያልገባበት ጉዳይ ማግኘት ይከብዳል። የንስሐ አባትም ይገባሉ። ሽምግልናን የምናቃልል ሰዎች አይደለንም። የደም ነገር አብርዷል፣ ያልተገባ ፍቺ አስቀርቷል፣ ድንበር አስታርቋል። በዱላ ጉዳይ ላይ ግን የማየው ችግር አለ። «ባልና ሚስት ካንድ ባሕር ይቀዳል» ይባልና ጥፋቱ ለሁለት ይካፈላል። እሱ እንዳይመታ ይመከራል። እሷ እንዳታስቆጣው ትመከራለች። ዋስ ይጠራል፤ ዋሱ የእሱ አጎት ነው። ምርቃት ይሆናል። ማታ በሩ ሲዘጋ ሽማግሌዎቹ የሉም።

ስለዚህ አትከራከሯት። «ሽማግሌ አትቀበዪ» ብትሏት ከአገሩ ሰው ጋር ታጣሏታላችሁ። ይልቅ ጠይቋት። ሽማግሌዎቹ እነማን ናቸው? ያንቺ ወገን አለበት? ስትናገሪ እዚያው ትቀመጫለሽ ወይስ ውጭ ትጠብቂያለሽ? ቃሉን ቢያፈርስ ምን ይሆናል ተባለ? ለእነዚህ መልስ ስትፈልግ ራሷ የምታየው ነገር አለ።

ማወቅ ያለባት አንድ ነገር ደግሞ አለ። ከባድ የአካል ጉዳት በእርቅ ቢታለፍ እንኳ በሕግ ወንጀል መሆኑ አይቀርም። ፍቺንም የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው።

ስለ ንስሐ አባት አንድ ልጨምር። ተማሪዎች አንዳንዴ ሃይማኖቱን እንደ እንቅፋት ያዩታል። እኔ የማውቃቸው ቄስ ግን ሴትየዋን ራሳቸው ይዘዋት መጥተዋል። «እግዚአብሔር ዱላ አላዘዘም» ሲሏት ፊቷ ላይ የነበረውን አልረሳውም። እምነቷ ያቆማት ነገር ነው። አትንኩባት።

ሙስሊም እህቶቻችንም፣ ለምሳሌ ከአዲስ ዓለም አካባቢ የሚመጡት፣ የጋብቻና የፍቺ ጉዳያቸውን በሸሪዓ ፍርድ ቤት ማየት ይችላሉ። በሕገ መንግሥቱ መሠረት ይህ የሚሆነው ሁለቱም ወገኖች ሲፈቅዱ ነው። አልፈቅድም ካለች መደበኛው ፍርድ ቤት ያያታል።

ሕጉ ምን ይላል? የሕግ ተማሪ አይደለሁም።

ለሁላችሁም የሚበቃውን ያህል ልንገራችሁ። ራሱን የቻለ የቤት ውስጥ ጥቃት ሕግ የለንም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ግን አንቀጽ 564 አለው። በትዳር ጓደኛ ወይም ያለ ጋብቻ አብሮ በሚኖር ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው፣ ሌላ ሰው ላይ ቢያደርስ እንደሚቀጣው ይቀጣል። የአእምሮ ጤና ጉዳትም ይገባበታል። «ሚስቴን ነው የመታሁት» ማለት መከላከያ አይሆንም። ከባድ የአካል ጉዳት እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ቀላል የአካል ጉዳት ግን ብዙ ጊዜ በግል አቤቱታ የሚታይ ነው፤ ያኔ እሷ ካላመለከተች ክሱ አይጀመርም። ለዚህ ነው ማመልከቻዋ ላይ የተጻፈው እያንዳንዱ ቃል ዋጋ ያለው።

ክፍተቱንም እወቁት። አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን የሚቀጣው ከጋብቻ ውጭ ሲሆን ነው። ባሏ የደፈራት ሴት በዚህ አንቀጽ መክሰስ አትችልም። ይህን ስትሰማ አፍ የሌላት ሆና የምታዩዋት ሴት ትኖራለች። በእኔ እምነት ይህ ሕግ መቀየር አለበት። እስኪቀየር ድረስ ግን የተጎዳችው አካሏ በሌላው አንቀጽ መታየቱን ከሕግ ባለሙያው ጋር አረጋግጡ።

ንብረትን በተመለከተ ብዙ ሴት «እኔ ምን አለኝ» ትላለች። በትዳር የተፈራ የጋራ ንብረት ሲፋቱ እኩል ይካፈላል። ከገጠር ለመጣች ሴት ስለ መሬት ደብተሩ ጠይቋት። በአማራ ክልል ለባልና ሚስት በጋራ የሚሰጠው የይዞታ ደብተር የሁለቱም ስምና ፎቶ አለበት። ፎቶዋ እዚያ ላይ እንዳለ አስታውሳ የተንቀሳቀሰች ሴት አውቃለሁ። «ለካ ከነመልኬ አለሁበት» ነበር ያለችው።

ተደፍራ የመጣች ሴት ብትገጥመኝ መጀመሪያ ወዴት?

ሐኪም ቤት። ክስ ይቆያል፤ ሰዓቱ አይቆይም። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ በቶሎ ሲሆን ይሻላል። እርግዝና መከላከያውም እስከ 5 ቀን ይሰጣል፤ እሱም በቶሎ ሲሆን ነው የሚሻለው። ከቻለች ከምርመራ በፊት አትታጠብ። የለበሰችውን አትጠበው። ልብሱ ፌስታል ውስጥ አይግባ፣ ይሻግታል፤ በወረቀት ይጠቅለል። ታጥባ ከመጣች ግን «ለምን ታጠብሽ» አትበሏት። መታጠብ የማይፈልግ ሰው የለም። ለፍርድ ቤት የሚሆነውን የሕክምና ማስረጃ ፖሊስ በደብዳቤ ይጠይቃል። ሕክምናው ግን ደብዳቤ አይጠብቅም።

በስልክ ልከታተላት እችላለሁ?

በራሳችሁ ስልክ አይሆንም። በቢሮው ስልክም ቢሆን መጀመሪያ ተስማሙ። በስንት ሰዓት ነው ብቻዋን የምትሆነው? ሌላ ሰው ቢያነሳ ማን ነኝ ልበል? «ከዕድሩ ነው» ወይም «የልጁ ትምህርት ቤት ነው» የሚለውን እሷ ትምረጥ፤ ባሏ ምን እንደሚያምን የምታውቀው እሷ ናት። መልእክት አትጻፉ። ብዙ ቤት ስልኩ የጋራ ነው፤ መልእክቱን የሚያነበው ትልቁ ልጅ ሊሆን ይችላል። የትራንስፖርት ብር በቴሌብር መላክም እንደዚሁ ነው። የእናንተ ስም ያለበት የገቢ መልእክት ማታ ቤቷ ውስጥ ምን ሊያስነሳ እንደሚችል አስቡ።

ቅዳሜ ገበያ ላይ ባገኛትስ?

እለፏት። እሷ ሰላም ካላለቻችሁ አታውቋትም። እኛ አገር አይቶ ማለፍ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ለዚህ ነው መጀመሪያውኑ «ውጭ ስንገናኝ ሰላም ባልልሽ አትቀየሚኝ፣ ላንቺ ብዬ ነው» ብላችሁ የምታስረዷት። ባሏ አብሯት ሆኖ «ማን ናት?» ቢላት መልስ እንዳያጥራት ነው።

ሪፖርት ስጽፍ ስሟን ብቀይር ይበቃል?

አይበቃም። ጎንደር ትልቅ ከተማ ብትሆንም ሰው ይተዋወቃል። «የ3 ልጆች እናት፣ ባሏ ሹፌር፣ አዘዞ የምትኖር» ካላችሁ ስም ጠርታችኋል። ሠፈሩን፣ ሥራውን፣ የልጆቹን ቁጥር ለውጡ ወይም አውጡት። ማስታወሻ ደብተራችሁን ካፌ ጠረጴዛ ላይ አትተዉት።

ተማሪዎች ሁልጊዜ የሚረሱት ደግሞ ፎቶ ኮፒ ቤቱን ነው። ሪፖርቱን ለማስወጣት ትሄዳላችሁ። ልጅቷ ፋይሉን ከፍላሻችሁ ዴስክቶፕ ላይ ትገለብጠዋለች። አትማ ትሰጣችኋለች። ፋይሉ እዚያው ይቀራል፤ ከእናንተ ኋላ የሚመጣው ሁሉ ያየዋል። ከፍላሹ ላይ በቀጥታ ይታተም በሉ። ካልሆነ ስታጠፋው ቆማችሁ እዩ። የተበላሸውንም ወረቀት ይዛችሁ ውጡ፤ የቆሎ መጠቅለያ ሆኖ እንዳይገኝ።

ፎቶና ቲክቶክ የሚባል ነገር በፍጹም የለም። ቢሮውንም፣ ጀርባዋንም፣ እጇንም ቢሆን።

ወንድ ተማሪ ነኝ። ይፈቀድልኛል?

ይፈቀዳል፣ እንፈልጋችኋለንም። ግን እሷ ትጠየቃለች። «አልፈልግም» ካለች አትቀየሙ፤ ስለ እናንተ አታውቅም። ፍርድ ቤት መዝገብ መከታተል፣ ከሕፃናቱ ጋር መሆን፣ ትምህርት ቤት ሄዶ ስለ ሴት ልጅ ክብር ማስተማር፣ ይኼ ሁሉ ሥራ አለ። አባቱ እናቱን ሲመታ እያየ ያደገ የ9 ዓመት ልጅ አጠገብ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ወንድ መቀመጡ ምን እንደሚሠራ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። ልጁ መጀመሪያ ይሸሻል። ከዚያ ኳስ ይዞ ይመጣል።

የሚመጡት ሁሉ አማርኛ ይናገራሉ?

አብዛኞቹ። ዳባት ካለው ዓለም ዋጭ የስደተኞች መጠለያ የሚመጡ ኤርትራውያን እህቶች ትግርኛ ይናገራሉ። ትግርኛ የምትችሉ ከሆነ አሳውቁን። ባልን፣ ዘመድን ወይም ልጅን አስተርጓሚ አድርጎ ማነጋገር ግን የለም።

ባልየው ቢሮ ድረስ ቢመጣ?

አታናግሩት። «እዚህ ናት» ወይም «የለችም» አትበሉ። «ስለ ማንም መረጃ አንሰጥም፣ ኃላፊውን ልጥራልዎ» ብላችሁ ተነሱ። ብዙ ጊዜ የሚመጣው እየጮኸ አይደለም። ጨዋ ሆኖ፣ እያለቀሰ፣ ልጁን አቅፎ ነው የሚመጣው። ታዝኑለት ይሆናል። ቢሆንም አትንገሩት።

እኔ ራሴ እንዲህ ባለ ቤት ነው ያደግሁት። ልውጣ ወይስ ልተው?

በር ላይ ቆመው ከሚጠይቁኝ አንዱ ይኼ ነው። መልሱ የእናንተ ነው። የራሷን ቤት ታሪክ ይዛ መጥታ ከሁሉም የበለጠች ረዳት የሆነች ተማሪ አውቃለሁ። በሁለተኛው ሳምንት የአንዲት ሴት ድምፅ የእናቷን ሆኖባት ማቋረጥ የነበረባት ሌላ ተማሪም አውቃለሁ። እሷም መዝገብ ክፍል ተዛውራ ጨርሳለች፤ ውጤቷ አልተነካም። አስቀድማችሁ ለአንድ ሰው ብቻ ብትነግሩ ይበቃል። ዝርዝሩን አንጠይቅም። አሁንም እቤታችሁ ያለ ነገር ከሆነ ደግሞ እንደ ተማሪ ሳይሆን እንደ ባለጉዳይ ኑ። ያው በር ነው።

እንዲህ ባለ ቤት ያላደጋችሁ ብትሆኑም የሰማችሁት ማታ ይከተላችኋል። ምግብ ያስጠላል። እንቅልፍ ይነሳል። ፍቅረኛችሁን ያለ ምክንያት ትቆጡታላችሁ። ዓርብ ዓርብ ተሰብስበን የምናወራው ለዚህ ነው። እዚያ ስም ሳይጠራ ከልባችሁ ተናገሩ። ለዶርም ጓደኛ ግን አይነገርም።

ይከፈላል?

አይከፈልም። የትራንስፖርቱም ብዙ ጊዜ ከኪሳችሁ ነው፤ መመደቢያው ሩቅ ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሩን። ለሴቶቹ ከኪሳችሁ ብር መስጠት ክልክል ነው። የተራበች ካለች ለእኛ ንገሩ።

ልምምዱ ሲያልቅ እንዴት ልሰናበታት?

ሁለት ሳምንት ሲቀር ንገሯት። ድንገት የጠፋባት ሰው ስንት እንደሆነ አስቡ። በመጨረሻው ሳምንት የሚተካችሁን ሰው ይዛችሁ ግቡና ሦስታችሁ አብራችሁ ተቀመጡ። ቀጠሮዋን ከእሱ ጋር ያዙላት። ስልክ ቁጥራችሁን አትስጡ። «እመጣለሁ» አትበሉ፤ ትጠብቃችኋለች።

ስጦታ ብታመጣ ተማሪው ይጨነቃል። ብርና ጌጥ አትቀበሉ። ቆሎ ቋጥራ ከመጣች ግን እፍኝ ዘግናችሁ እዚያው አብራችኋት ብሉ።